የዳገት ልክ፦ ከመቅደላ መንገድ እስከ መካነ ሰላም ማሳ

ከደላንታ ሜዳ ጫፍ ቆማችሁ ወደ መቅደላ ብትመለከቱ መሬቱ ድንገት ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ከታች በሽሎ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ደግሞ መቅደላ። በዓይን ሲታይ ቅርብ ነው፤ «ይኸው እኮ፣ እዚያ ነው» ያሰኛል። በእግሩ የሄደበት ሰው ግን ያውቀዋል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ መውጣት አለ።

አሁን እስቲ አስቡት፤ ይህንን ሸለቆ 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ እየጎተታችሁ ተሻገሩ ብትባሉስ? ክሬን የለም፣ መኪና የለም፣ መንገድም የለም። ያለው ገመድ፣ ጋሪ፣ ድንጋይና የሰው ጉልበት ነው።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ታሪኩን በትምህርት ቤት ሰምታችሁት ይሆናል፤ ሴባስቶፖል የሚለውን ስምም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚነገረን ግን የጀግንነቱና የሐዘኑ ወገን ነው። ዛሬ በሒሳቡ በር እንግባ። ያ ጉዞ እናንተ ክፍል ውስጥ «ስሎፕ» እና «ኢንኢኳሊቲ» እያላችሁ የምትማሯቸውን ሁለት ነገሮች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እነዚሁ ሁለት ነገሮች ዛሬ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለ ገበሬ ማሳ ላይ ምን ሥራ እንዳላቸውም በመጨረሻ እናያለን።

መድፉና መንገዱ

ሴባስቶፖል የተሠራው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያ ያሰባሰቧቸው አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ነሐሱን አቅልጠው በቅርጹ አፈሰሱት። ያን ጊዜ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የነበረው ጠብ ከርሯል፤ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስለቀቅ ጦር እየመጣ ነው። የንጉሡ ምሽግ መቅደላ ነው፤ መድፉ ግን ያለው ደብረ ታቦር። ስለዚህ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጉዞ ጀመሩ።

ለብቻው ለሚሄድ እግረኛ ይህ በቀናት የሚቆጠር መንገድ ነው። መድፉን ይዞ ግን እስከ መጋቢት፣ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ለምን? መድፉ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ መጀመሪያ መንገዱን መሥራት ነበረበት። ቋጥኝ ይፈነቀላል፣ አፋፍ ይቆፈራል፣ ድንጋይ ይደለደላል፤ ከዚያ መድፉ ጥቂት ይራመዳል፤ ከዚያ እንደገና ቁፋሮ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ከሁሉ የከበዱት ሁለት ሸለቆዎች ነበሩ፤ በዋድላና በደላንታ መካከል ያለው የጂዳ ሸለቆ፣ ቀጥሎም በደላንታና በመቅደላ መካከል ያለው የበሽሎ ሸለቆ።

ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርክሃም ይህንን መንገድ በዓይኑ አይቶ፣ ሥራውን አድንቆ ጽፏል። ጠላት ሳይቀር ያደነቀው መንገድ ማለት ነው። ታዲያ የሚደነቀው ምኑ ነው? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ዳገትን የምንለካበት ነገር ያስፈልገናል።

ዳገት ቁጥር ሲሆን

አማርኛችን ለመሬት አቀማመጥ ቃል አይቸግረውም፤ ዳገት፣ አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ገደል፣ አፋፍ፣ ሜዳ። ነገር ግን ሁለት ሰዎች «የኛ ዳገት ይብሳል»፣ «የለም፣ የኛ ይብሳል» ቢባባሉ ቃል ብቻውን አያስታርቃቸውም። ልክ ያስፈልጋል። ልኩ ተዳፋት ነው፤ በክፍል ቋንቋ ስሎፕ፦

ተዳፋት = የከፍታ ለውጥ ÷ የአግድም ርቀት

በአግድም 10 ሜትር ስትሄዱ 1 ሜትር ከወጣችሁ ተዳፋቱ 0.1 ወይም 10 በመቶ ነው። 10 ሜትር ሄዳችሁ 10 ሜትር ከወጣችሁ ደግሞ 100 በመቶ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 100 በመቶ ማለት እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ማለት አይደለም፤ 45 ዲግሪ ነው። 60 በመቶም 60 ዲግሪ ሳይሆን 31 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህቺን 60 በመቶ ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከ3,500 ዓመት በፊት በግብፅ አሕሞስ የተባለ ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ በገለበጠው የሒሳብ ጽሑፍ ውስጥ የፒራሚድ ጎን ተዳፋት እንዴት እንደሚሰላ ተጽፏል። ግብፃውያኑ «ሰቀድ» ይሉት ነበር። ጥያቄያቸው ይህ ነው፤ አንድ ክንድ ወደ ላይ ሲወጣ ስንት ጋት ወደ ጎን ይኬዳል? በአንዱ መልመጃ ላይ የፒራሚዱ መሠረት 360 ክንድ፣ ቁመቱ 250 ክንድ ነው። የመሠረቱ ግማሽ 180 ነው። በእነሱ አንድ ክንድ ውስጥ 7 ጋት ስላለ፣ 180 ÷ 250 × 7 ስንል 5 ጋትና የጋት አንድ ሃያ አምስተኛ ይመጣል። እነሱ አግድሙን ለከፍታው አካፈሉ፤ እኛ ከፍታውን ለአግድሙ እናካፍላለን። ልዩነቱ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እነዚያ ግብፃውያን እህላቸውን የሚዘሩበት ለም ደለል በዓባይ ጎርፍ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚሄድ ነበር። በሽሎም ወደ ዓባይ ይገባል። የፒራሚዱን ተዳፋት የሚያሰላው ጸሐፊ የሚበላው ዳቦ ከእኛ ተዳፋት ታጥቦ በወረደ አፈር የበቀለ ነበር ማለት ነው። ወደዚህ አፈር ጉዳይ እንመለስበታለን፤ አሁን ግን መድፉ ዳገት ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

ስንት ሰው ይጎትተዋል?

ሜዳ ላይ ጋሪ ስትጎትቱ የሚታገላችሁ ሰበቃ ብቻ ነው። ዳገት ላይ ግን ከክብደቱም የተወሰነው ወደ ኋላ ይስባችኋል። ተዳፋቱ 0.1 ከሆነ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል፣ 0.2 ከሆነ አንድ አምስተኛ ያህል። (በጣም ለቆመ ዳገት ይህ ስሌት ትንሽ ያጋንናል፤ ለጋሪ መንገድ ግን ይበቃናል።)

ቁጥር እናስገባ። መድፉ 7,000 ኪሎ ይሁን። ሰበቃው የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው፣ አንድ ሰው ሳያርፍ የሚስበው ደግሞ 20 ኪሎ ያህል ነው ብለን እንነሣ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አሠራሩ እንዲታይ ብቻ። እውነተኛው መንገድ አባጣ ጎርባጣ ስለነበር ሰው የሚፈልገው ከዚህ እጅግ አብልጦ ነው። በእኛ ቁጥሮች፦

ሜዳ ላይ 700 ኪሎ መሳብ አለብን፤ 35 ሰው።
10 በመቶ ዳገት ላይ 1,400 ኪሎ፤ 70 ሰው።
20 በመቶ ላይ 2,100 ኪሎ፤ 105 ሰው።
30 በመቶ ላይ 2,800 ኪሎ፤ 140 ሰው።

ምን አያችሁ? ተዳፋቱ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር 35 ሰው ይጨመራል። ሁልጊዜ 35። የሰውን ብዛት «ሰ»፣ ተዳፋቱን «ተ» ብንል፦

ሰ = 35 + 350 × ተ

ይህንን ግራፍ ላይ ብታስቀምጡት ቀጥ ያለ መስመር ይወጣችኋል፤ የመስመሩም ስሎፕ 350 ነው። ስሎፕ የመሬት ብቻ አይደለም ማለት ነው። አንዱ ነገር ሲጨምር ሌላው በምን ያህል ይጨምራል ለሚለው ጥያቄ ሁሉ መልስ ነው።

አሁን ጥያቄውን እንገልብጠው። ገመድ የሚይዝ 105 ሰው ብቻ ቢኖርስ? መንገዱ እስከ ስንት መቆም ይችላል?

35 + 350 × ተ ≤ 105

ከሁለቱም ወገን 35 ቀንሱ፦

350 × ተ ≤ 70

ሁለቱንም ለ350 አካፍሉ፦

ተ ≤ 0.2

ኢንኢኳሊቲ ይኸው ነው። መልሱ አንድ ቁጥር ሳይሆን የተፈቀደ ክልል ነው። «ከ20 በመቶ እንዳታልፍ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እንደ መሬቱ ምረጥ» ይላችኋል።

ሸለቆው ግን አይደራደርም። 1,000 ሜትር ጥልቀት ያው 1,000 ሜትር ነው። ከፍታውን መቀነስ ካልተቻለ የቀረው አግድሙን ማርዘም ነው፤ መንገዱን ማጠማዘዝ። 1,000 ሜትርን በ20 በመቶ ለመውጣት 5,000 ሜትር አግድም ያስፈልጋል፤ በ10 በመቶ ደግሞ 10,000 ሜትር። ከጎጃም ወይም ከደሴ በኩል ወደ መካነ ሰላም በመኪና ተጉዛችሁ «ይህ መንገድ ምን ያዞረዋል፣ ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም?» ብላችሁ ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። መንገዱ ኢንኢኳሊቲውን እያከበረ ነው።

እየጠበበ የሄደው በር

ታዲያ መንገዱን አርዝሞ 5 በመቶ ማድረግ አይሻልም ነበር? ሰው ይቀንሳል፣ ድካም ይቀንሳል። ችግሩ ጊዜ ነው። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር በታኅሣሥ 1860 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ደርሶ ነበር። ረጅም መንገድ ብዙ የሥራ ቀን ይበላል፤ ቀኑ ደግሞ እያለቀ ነው።

ይህንንም በሒሳብ እንጻፈው፤ አሁንም ቁጥሩ የእኔ ነው። ሠራዊቱ በቀን 250 ሜትር መንገድ ይሠራል፣ የቀረው 20 ቀን ነው እንበል። በዚያ ጊዜ የሚሠራው 5,000 ሜትር ብቻ ነው። ባለ 1,000 ሜትሩን ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ርዝመት 1,000 ÷ ተ ስለሆነ፦

1,000 ÷ ተ ≤ 5,000

ሁለቱንም ወገን በተ እናባዛ፦

1,000 ≤ 5,000 × ተ

ተ ≥ 0.2

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የሰው ብዛት «ከዚህ በላይ እንዳትቆም» ይላል። ጊዜ ደግሞ «ከዚህ በታች እንዳትለዝብ» ይላል። መፍትሔው በሁለቱ መካከል ያለችው በር ናት።

140 ሰው ካለ ተዳፋቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሊሆን ይችላል፤ በሩ ክፍት ነው። 105 ሰው ከሆነ 0.2 ብቻ፤ በሩ ጭላንጭል ሆነ። 70 ሰው ከቀረ ግን ሰው «ከ0.1 አትለፍ» ሲል ጊዜ «ከ0.2 አትውረድ» ይላል። ሁለቱንም የሚያሟላ ቁጥር የለም። በሩ ተዘጋ።

ይህ እንግዲህ የወረቀት ምሳሌ ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት በእውነት የሆነውን ቅርጹን ያሳያል። የንጉሡ ሠራዊት እየከዳ በየጊዜው ይመናመን ነበር፤ አብዛኛው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር፤ የናፒየር ጦርም ከሰሜን እየቀረበ ነው። ሰው ሲቀንስ አንዱ መቃን ይገፋል፣ ቀን ሲያልቅ ሌላው መቃን ይገፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሁለቱ ከመግጠማቸው በፊት በዚያች በር አለፉ። መድፉ የጂዳንም የበሽሎንም ሸለቆ ተሻግሮ፣ የእንግሊዝ ጦር ከመድረሱ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ መቅደላ ደረሰ። ማርክሃምን ያስደነቀው ይህ ይመስለኛል።

ናፒየርስ?

ናፒየርም ከዙላ እስከ መቅደላ ወደ 640 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተራራማ መንገድ ነበረበት። እሱ ግን ሌላውን ቁጥር ነካ። ቀመራችንን መለስ ብላችሁ እዩት፤ 350 የመጣው 7,000 ኪሎን ለ20 በማካፈል ነው። ክብደቱ ከቀነሰ መስመሩ ራሱ ይለዝባል። የእንግሊዝ ጦር አነስተኛ የተራራ መድፎቹን እየፈታታ በበቅሎ ጀርባ ጫናቸው፤ ለከባዶቹ ደግሞ ከሕንድ 44 ዝሆኖች አመጣ። ለእያንዳንዱ እንስሳ የደረሰው ሸክም ትንሽ ስለሆነ፣ ቴዎድሮስን ወራት ያስከፈለው ዳገት ለበቅሎዎቹ የአንድ ቀን መንገድ ሆነ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው። የናፒየር ጦር ዋድላ ሲደርስ ወደ ጂዳ የሚወርድ የተሠራ መንገድ አገኘ። ለሴባስቶፖል ተብሎ በስንት ላብ የተቆፈረው መንገድ የጠላት ጦር ወረደበት። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አጠፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

ፊታችሁን ስታዞሩ

አንድ ነገር ሳንነካ እንዳናልፍ። ኢንኢኳሊቲ ስትሠሩ መምህራችሁ «በአሉታዊ ቁጥር ስታባዙ ወይም ስታካፍሉ ምልክቱን አዙሩ» ይሏችኋል። ብዙ ልጅ ይህንን በቃሉ ይይዘዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይገባውም። መልሱ ጂዳ ሸለቆ ውስጥ አለ።

ሁለት መንገዶች አሉ እንበል። አንዱ ወደ ላይ 0.10፣ ሌላው 0.15 ተዳፋት አላቸው።

0.10 < 0.15

አሁን ፊታችሁን አዙሩና ቁልቁል ተመልከቱ። ዳገት የነበረው ቁልቁለት ሆነ፤ ተዳፋቱም አሉታዊ ሆነ። ከፍ ብሎ ይወጣ የነበረው አሁን ይበልጥ ዝቅ ብሎ ይወርዳል፦

−0.10 > −0.15

መሬቱ አልተነካም፤ የዞራችሁት እናንተ ናችሁ። በአሉታዊ ቁጥር ማባዛት ማለት ፊትን ማዞር ማለት ነው፤ ቅደም ተከተሉም አብሮ ይዞራል። ቅድም በተ ስናባዛ ምልክቱን ያላዞርነው ተ ከዜሮ በላይ ስለሆነ ነው፤ ዳገት እየወጣን ነበርና።

ምልክቶቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። < እና > የታተሙት እ.ኤ.አ. በ1631 በእንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ሰውዬው ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ። «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ለሚለው ምልክት ግን ሌላ መቶ ዓመት ተጠበቀ። በ1734 የተጠቀመበት ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር ነው። ቡጌር በማግሥቱ ዓመት የምድርን ቅርጽ ለመለካት ወደ ደቡብ አሜሪካ ተራሮች ተጓዘ። «እኩል ነው» የምትለዋ ትንሽ ሰረዝ ለአንድ ተራራ ለኪ ተራ ነገር እንዳልነበረች መገመት አያዳግትም። ለእኛም ተራ አይደለችም፤ አሁን ታያላችሁ።

ሕጉና ማሳው

ከመቅደላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትሄዱ፣ በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች መካከል ባለው ደጋ ላይ መካነ ሰላም አለች፤ የቦረና ወረዳ ከተማ። ከከተማዋ ወጣ ስትሉ ሜዳው ብዙም ሳይሄድ ወደ ሸለቆዎቹ ይወርዳል። እዚህ ተዳፋት መድፍ የሚጎተትበት ሳይሆን ጤፍና ገብስ የሚዘራበት ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ዳገቱን ይዞ ይወርዳል። ተዳፋቱ ሲጨምር ውኃው ይፈጥናል፤ ሲፈጥን አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ይህንን በልክ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ ብዙ በማይርቀው ማይባር፣ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችና ከስዊስ የበርን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በተለያየ ተዳፋት ላይ ካሉ ማሳዎች የሚታጠበውን አፈር ለዓመታት ሰፍረዋል።

ከዚያም ተዳፋት ወደ ሕግ ገባ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬትን በተዳፋቱ ከፋፈለው። ተዳፋቱ ከ30 በመቶ በታች የሆነ መሬት በአፈር ጥበቃና በውኃ ማሰባሰብ ዘዴ ይያዛል። ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራ ብቻ ነው። ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ ማረስም ከብት መልቀቅም አይፈቀድም፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይሁን ይላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቷል፤ ግን ሕግ በሒሳብ ቋንቋ ሲጽፍ ማየት ደስ አይልም? ቁመቱን «ቀ»፣ አግድሙን «አ» ካልን፣ የእርሻው ወሰን ይህ ነው፦

ቀ ≤ 0.6 × አ

አሁን ያቺን ሰረዝ አስታውሱ። «ከ30 በታች»፣ ከዚያ «ከ31 እስከ 60»። ተዳፋቱ ልክ 30 የሆነ ማሳ የት ይገባል? 30.5 የሆነውስ? ከ30 በታች አይደለም፤ 31ም አልደረሰም። በሁለቱ መካከል ያለባለቤት ቀረ። ሒሳብ አዋቂ አጠገባቸው ቢቀመጥ ኖሮ «< እና ≥ ብላችሁ ግጠሟቸው» ይል ነበር። እንዲህ ያለች ቀዳዳ ወረቀት ላይ ቀልድ ትመስላለች። ማሳው የራሱ ለሆነ ሰው ግን ቀልድ አይደለችም።

ለምን 60 ላይ ቆመ? አንዱን ምክንያት እናንተው ማስላት ትችላላችሁ። ጠረጴዛማ እርከን ማለት ዳገቱን ደረጃ ማድረግ ነው። ማሳው በአግድም 20 ሜትር፣ ከፍታው 8 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 40 በመቶ ነው። ስምንት ደረጃ ብትሠሩ እያንዳንዱ የድንጋይ ካብ 1 ሜትር ቁመት፣ እያንዳንዱ መደብ 2.5 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ካቦቹ ከፍታውን ሁሉ ይሸከማሉ፤ መደቡ ሜዳ ይሆናል፤ ውኃውም ይረጋል። ከቴዎድሮስ መንገድ ጋር አነጻጽሩት። ንጉሡ ከፍታውን በረጅም መንገድ ላይ በትነው አሳሱት፤ ገበሬው ግን አንድ ቦታ ሰብስቦ በድንጋይ አሰረው። 8 ሜትሩ ግን የትም አልሄደም።

ተዳፋቱ 60 በመቶ ሲሆን 1 ሜትር ካብ የሚተውላችሁ መደብ 1 ÷ 0.6፣ ማለትም 1.67 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እስቲ በዚያ ላይ ጥማድ በሬ አዙሩ! ከዚያ በላይ ካቡ ይበዛል፣ መሬቱ ያንሳል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። 65 በመቶ ዳገት የሚያርስ ገበሬ ዳገቱ ዳገት መሆኑ ጠፍቶት አይደለም። እግሩ ከማንኛችንም መሣሪያ በላይ ያውቀዋል። ሜዳው ስላልበቃው ነው። የእሱም ኑሮ ሁለት መቃን ያለው በር ነው። አንደኛው «ከ60 አትለፍ» ይላል፣ ሁለተኛው «ለልጆችህ ይህን ያህል ቁና እህል ያስፈልግሃል» ይላል። ሁለቱን የሚያሟላ ማሳ ከሌለው፣ በሒሳብ ቋንቋ መፍትሔ የለም ማለት ነው። ያኔ ማድረግ የሚቻለው ናፒየር ያደረገው ዓይነት ነው፤ ሌላውን ቁጥር መንካት። በዳገቱ ላይ መኖና ፍራፍሬ አልምቶ መሸጥ፣ ከሜዳው ማሳ የሚገኘውን ምርት ማሳደግ። «አይፈቀድም» ብሎ ብቻ መተው ግን በሩን ዘግቶ መሄድ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው

2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት፣ ሜትርና የግንበኛ ውኃ ልክ ፈልጉ። ውኃ ልክ ከሌለ ግማሹን ውኃ የያዘ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ግልጽ ጠርሙስ በእንጨቱ ላይ አጋድሙ። የእንጨቱን አንድ ጫፍ ዳገቱ ላይ አስነኩ፤ ሌላውን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ዘርግታችሁ፣ ውኃው ከእንጨቱ ጋር ትክክል እስኪሆን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ከዚያ ከታችኛው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ቁመት ለኩና ለ2 ሜትር አካፍሉት። ተዳፋቱ ይኸው ነው።

ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 30 በመቶ ላይ ናችሁ። 120 ከሆነ 60 በመቶ ላይ። ከቤታችሁ ጀርባ ያለው መሬት ከየትኛው ወገን ነው? ሦስት አራት ቦታ ለክታችሁ ጻፉት። ከዚያ አያታችሁን ወይም አንድ የጎረቤት ገበሬ ጠይቁ፤ «ይህ መሬት ስንት ዓመት ታረሰ? ድሮስ አፈሩ እስከ የት ነበር?» በሏቸው። ቁጥራችሁን ከሚነግሯችሁ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት።